በይፋት ቆላ በሌሊት ዓሣ በመንጠቆ ስለ ማጥመድ

ከሸዋ ደጋ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርዱ ወንዞች በክረምት ቋጥኝ እያንከባለሉ ሲያልፉ ለሚያያቸው ሰው የማይነጥፉ ይመስላሉ። በየካቲትና በመጋቢት ግን ብዙዎቹ መፍሰሳቸውን ትተው በአሸዋና በድንጋይ መካከል እዚህም እዚያም የተቋጠሩ ኵሬዎች ብቻ ይሆናሉ። የወንዙ ዓሣ ሁሉ በዚያን ጊዜ በእነዚህ ኵሬዎች ይሰበሰባል፤ ለሚመጣው ክረምት ዘር የሚሆነውም በዚያ ጥቂት ውሃ ውስጥ የተረፈው ነው። ዓሣ በገበያ እጅግ የሚፈለገው ደግሞ በዐቢይ ጾም ሲሆን፣ ዐቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ ወንዝ በሚደርቅበት ወራት ነው። ስለዚህ ፈላጊው ሲበዛ ውሃው ያንሳል፤ ውሃው ሲያንስም ዓሣውን መያዝ ለማንም ሰው ቀላል ይሆናል። በአንድ ሌሊት የአንዱን ኵሬ ዓሣ ከነግልገሉ መጨረስ ይቻላል፤ በአንድ ሌሊት ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ዓሣ አውጥቶ ኵሬውን እንደ ነበረ መተውም ይቻላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አገር የሚያስተዳድር ሹምና በወንዝ ዳር መሬት ያለው ሰው ሊያውቁት ይገባል፤ ወንዙ የሚጠበቀውም የሚጠፋውም በእነርሱ ዐይን ሥር ነውና።

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚሰበርበት ቍልቍለት ላይ ያለ ጥንታዊ የገበያ ስፍራ ነው። ከ1813 እስከ 1847 በአውሮፓ አቈጣጠር ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ነጋዴ ጓዙን የሚያራግፈው በዚያ ነበረ። በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሐሪስና በ1842 በዚያው የተቀመጠው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ስለ ስፍራው በመጻሕፍታቸው ጽፈዋል። ለዚህ ትምህርት ግን የሚያስፈልገው የገበያው ታሪክ ሳይሆን የአገሩ አቀማመጥ ነው። በአንኮበር ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ሳለ፣ ውሃው ወደ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ወደ ሆነ ሞቃት አገር ይገባል። ሮቢም ሆነ ጀውሃ፣ ሌሎቹም የይፋት ወንዞች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ አዋሽ ነው፤ አዋሽም ወደ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ጫፍ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ በላይኛው አገር በውሃው የተጣለ ነገር፣ መልካምም ቢሆን ክፉ፣ የሚወርደው ወደ ታችኛው አገር ሰው ነው።

በአዋሽና በገባሮቹ ከሚታወቁት ዓሦች አንደኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢሞች አሉት። ከጉንፉ በላይ አየር የሚስብበት ልዩ የአካል ክፍል ስላለው፣ ውሃው ሲበላሽና ሌላው ዓሣ ሲያልቅ እርሱ በጭቃ ውስጥ ሳይቀር ይቆያል። ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ ያሉ ሰዎች ቢልጫ የሚሉት፣ ትልልቅ ቅርፊትና አራት ትናንሽ ጢሞች ያሉት ነው። ይህኛው የሚፈስ ውሃና ጠጠር ይወዳል። ሥጋው የጣፈጠ፣ አጥንቱ ግን የበዛ ነውና «ዓሣ መብላት በብልኃት» የተባለው ለእርሱ ይመስላል። ቆሮሶም በረጋው ውሃ ይገኛል፤ ነገር ግን እርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው ቀን ስለ ሆነ ለሌሊት አጥማጅ ብዙ አይጠቅምም።

ብዙ ምእመናን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያለውን ሥርዓት በመጠበቅ፣ ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛን አይበሉም። ይህ የኅሊና ነገር ስለ ሆነ ሹም የሚገባበት አይደለም። ነገር ግን ዓሣ በይፋት ሌላ ዓይነት ሥጋ የሌለው አንድ ጥቅም አለው። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ በሚውሉበት በዚህ አገር አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ዓሣ ግን ዕርድ የማያስፈልገው ስለ ሆነ የአንዱን ወገን ዓሣ ሌላው ቢገዛው ያን ያህል ክርክር የለበትም። በዚህ ምክንያት የወንዙ ዓሣ የሁሉ ሀብት ነው፤ ሲጠፋም ጕዳቱ የሁሉ ነው።

አሁን ዓሣ በሌሊት ለምን እንደሚያዝ መናገር ያስፈልጋል። ቀን ፀሐይ በከረረ ጊዜ ትልቁ ዓሣ ወደ ጥልቁና ከድንጋይ በታች ወዳለው ጥላ ይሸሻል፤ ንስርና ሌሎች ዓሣ አዳኝ ወፎች ከላይ ያዩታልና ስስ ውሃ ላይ አይቆምም። ሲመሽ ይህ ፍርሃት ይቀርለታል። ደግሞም በድንጋይ ሥር ተጣብቀው የሚውሉ የውሃ ትሎችና ተባዮች አብዛኛውን ጊዜ ከስፍራቸው ለቀው በውሃው የሚወሰዱት ከመሸ በኋላ ስለ ሆነ፣ ማዕዱ የሚቀርብለት በዚያ ሰዓት ነው። ጨለማውም አያውከውም። በሁለቱ ጎኖቹ ከራሱ እስከ ጅራቱ በተዘረጋው መስመር የውሃውን እንቅስቃሴ ሁሉ ይሰማል፤ አምባዛ ከዚህ በላይ በጢሞቹ የምግብን ጣዕም ይለያል። በወንጌል ጴጥሮስና ባልንጀሮቹ ሌሊቱን ሁሉ መረብ ሲጥሉ እንዳደሩ የተጻፈውም ስለዚሁ ነው፤ የዚያ አገር አጥማጆችም ዓሣ መረቡን በቀን አይቶ እንደሚሸሽ ያውቁ ነበርና።

የሌሊት አጥማጅነት እጅግ የተጠናው በአውሮፓ ወንዞች ትራውት በሚባለው ዓሣ ነው። ትራውት በጎኑ ላይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ብርቱና ተጠራጣሪ ዓሣ ነው። ለኢትዮጵያም ጭራሹን እንግዳ አይደለም። በ1905 በአውሮፓ አቈጣጠር ኤዋርት ግሮጋን የተባለ እንግሊዛዊ የዚህን ዓሣ ዘር ከስኮትላንድ አስመጥቶ በኬንያ በአበርዴር ተራራ በጉራ ወንዝ አስገባ፤ ከዚያ በኋላ በኬንያ ደጋ ወንዞች በዛ። በ1960ዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ በዲንሾ አካባቢ በወብና በደንካ ወንዞች ተጨመረ። በባሌ ውርጭ በሚጥልበት አገር ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለ ሆነ ተስማምቶት ተዋለደ፤ ለማጥመድ ብለው ወደዚያ የሚሄዱ እንግዶችም አሉ።

ይህን የሰማ የይፋት ወይም የመንዝ ባለ መሬት «ለእኛስ ወንዝ ስለ ምን አይመጣልንም?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ግን በውሃው ሙቀት ውስጥ አለ። ሙቅ ውሃ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ኦክሲጅን መያዝ አይችልም። በባሕር ወለል ከፍታ ሲለካ፣ በ10 ዲግሪ ሙቀት ያለ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ያለው የሚይዘው 7 ሚሊግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ አገሩ ከፍ ባለ ቍጥርም ከዚህ ይቀንሳል። ትራውት ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ምግብ መተው ይጀምራል፤ ወደ 25 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል። በመጋቢት ፀሐይ የዋለ የቆላ ኵሬ ለእርሱ መቃብሩ ነው። ከቍልቍለቱ በላይ ያሉት ቀዝቃዛ ምንጮችም አጫጭርና በበጋ የሚቀንሱ ናቸው።

ቢስማማው እንኳ ነገሩ በችኮላ የሚደረግ አይደለም። ትራውት ሥጋ በል ነው፤ ወደ አዲስ ወንዝ ሲገባ በዚያ የነበሩትን ትናንሽ ዓሦች ይበላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ በ1950ዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረው የናይል ፐርች የሚባል ትልቅ ዓሣ፣ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ ብዙ የትናንሽ ዓሣ ዘሮችን አጥፍቷል። ትርፉን ያገኙ ነጋዴዎች አሉ፤ የጠፋው ዘር ግን በገንዘብ የሚመለስ አይደለም። ወንዝም እንደ አጥር ግቢ አይደለም። በደብረ ብርሃን በበረሳ የተጨመረ ዓሣ በጀማ በኩል ዐባይ ይገባል፤ በአንኮበር ምሥራቅ የተጨመረው አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ በገዛ መሬቱ በሚያልፍ ውሃም ቢሆን ማንም ሰው በገዛ ፈቃዱ የባዕድ አገር ዓሣ እንዳይጨምር ሹሙ መከልከል አለበት።

እንግዲህ ከትራውት አጥማጆች ለይፋት የሚመጣው ዓሣው ሳይሆን ብልኃቱ ነው። ያም ብልኃት አሮጌ ነው። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ የነበረው ሮማዊ ጸሐፊ ኤልያኖስ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በሰበከባቸው በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል በሚፈሰው ወንዝ የመቄዶንያ ሰዎች እንዴት እንደሚያጠምዱ ጽፏል። ዓሣው በውሃው ላይ የሚበር አንድ ዓይነት ዝንብ ይወድ ነበር፤ እውነተኛውን ዝንብ ግን በእጅ ሲይዙት መልኩ ይጠፋል፣ ክንፉም ይረግፋል። ስለዚህ በመንጠቆው ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ይጠመጥሙና ከአውራ ዶሮ የተወሰዱ ሁለት ላባዎች ያስሩበታል፤ ዘንጉ ስድስት ጫማ፣ ክሩም ያንኑ ያህል ነበረ። ከዚያ ወዲህ ዘንጉ ረዝሟል፣ ክሩም ተሻሽሏል፤ የሥራው መሠረት ግን አልተለወጠም።

ለይፋት ወንዝ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ከአገሩ አይታጣም። ዘንጉ ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ ሲሆን፣ ሥሩ ጠንካራ፣ ጫፉ ግን ቀጭንና የሚለመጥ መሆን አለበት፤ ዓሣው ሲጎትት የሚለመጠው ዘንግ ክሩን ከመበጠስ ያድነዋል። የሚወረወረው ክር ወፍራምና ክብደት ያለው ይሁን፤ የዝንቡ አምሳል ላባ ስለ ሆነ በራሱ ክብደት አይሄድም፣ የሚወስደው የክሩ ክብደት ነው። ከወፍራሙ ጫፍ ላይ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ቀጭን የናይሎን ክር ይቀጠላል። በመንጠቆው ላይ ጥቍር የበግ ጠጕር ተጠምጥሞ፣ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ጥቍር ላባ ይታሰርበታል፤ ማሰሪያው ክር በሰም ከታሸ አይፈታም።

ጥቍር መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው በጨለማ የሚታይ ነጭ ነገር ነው ብሎ ያስባል። ዓሣው ግን የሚያየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ያለ ጨረቃ ሌሊትም ቢሆን ሰማዩ ከውሃው ይልቅ ብርሃን አለውና፣ ጥቍሩ ነገር በሰማዩ ላይ እንደ ጥላ ጎልቶ ይታየዋል።

አጥማጁ ወደ ኵሬው የሚመጣው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ድንጋዩና እንጨቱ የት እንዳለ፣ ውሃው የት እንደሚጠልቅና የት እንደሚሳሳ በብርሃን ማየት አለበት፤ በጨለማ የሚወረውረው ያየውን እያስታወሰ ነውና። ከዚያም ተቀምጦ ይጠብቃል። በቆላ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ደኅና ነው። ፋኖስ ወይም ባትሪ ወደ ውሃው ማብራት ፈጽሞ አይገባም፤ መንጠቆ ለማሰር ብርሃን ቢያስፈልግ ፊቱን ከወንዙ አዙሮ በጋቢው ከልሎ ይሁን። ኮቴ ማሰማትም ክልክል ነው፤ የሰው እርምጃ በአፈሩ በኩል ወደ ውሃው ይደርሳል፣ ዓሣውም በጎኑ ይሰማዋል። ንግግር ከእርምጃ ይልቅ ይቀላል፤ ሆኖም ብዙ የሚናገር አጥማጅ ብዙ ሲይዝ አልታየም።

ትልቁ ቢልጫ ሲመሽ ከጥልቁ ወጥቶ ውሃው ከኵሬው ወደሚወጣበት ጠጠራማና ስስ ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ መወርወር የሚገባው ቀን ማንም በማይመለከተው በዚያ ስስ ውሃ ላይ ነው። አጥማጁ ከታች በኩል ሳይሆን ከጎን ቆሞ፣ ወደ ማዶ ሰያፍ ይወረውርና የሚፈሰው ውሃ ዝንቡን ቀስ አድርጎ ወደ ዳር እንዲያመጣለት ይተወዋል። መቸኰል አይገባም፤ በጨለማ የሚያድን ዓሣ የሚሮጠውን ትቶ የሚዘገየውን ይወስዳልና። ክሩ በጣት ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ በሌሊት ዐይን ፋንታ የሚያገለግል ጣት ነው። ክሩ ሲከብድ ዘንጉን በእርጋታ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ኵሬው ፈጽሞ የረጋና የማይፈስ ከሆነ ግን ይህ ዝንብ ብዙ አይሠራም፤ ጨረቃዋ ሙሉ በሆነች ሌሊትም በጥላ ውስጥ ካልሆነ በቀር ትርፉ ጥቂት ነው።

አምባዛ ለላባ ደንታ የለውም፤ የሚያድነው በጣዕም ነው። ለእርሱ የሚሆነው ጠንካራ መንጠቆና ጠንካራ ክር ሲሆን፣ የምድር ትል፣ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት በመንጠቆው ተሰክቶ፣ በትንሽ እርሳስ ክብደት ወደ ኵሬው ወለል ይወርዳል። ሲነክስ ወዲያው መሳብ አያስፈልግም፤ በጢሙ እያጣጣመ ይቆይና ይዞት ሲሄድ ያን ጊዜ ይሳባል። አንዳንዶች ብዙ መንጠቆ ያለበት ገመድ በወንዙ ላይ ዘርግተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ይህ ከመርዝ ይሻላል፤ ነገር ግን ጠባቂ የሌለው መንጠቆ የሚይዘውን አይመርጥም። ዘንጉን ይዞ የተቀመጠው ሰው ትንሹን ዓሣ ይመልሳል፤ እንቍላል ያላትንም ሆዷን አይቶ ይለቃታል።

በሌሊት ወንዝ ዳር መቀመጥ አደጋም አለው፤ ሹሙ ለሕዝቡ ማስጠንቀቅ የሚገባው ይህን ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደራሽ ውሃ ነው። በበልግና በክረምት በቆላው ሰማይ ከዋክብት እየታዩ፣ በአንኮበርና በመንዝ ደጋ ዝናብ ይወርድ ይሆናል፤ ያ ውሃ ቍልቍለቱን ወርዶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በጨለማ ይደርሳል። የሚመጣውም እየጨመረ ሳይሆን እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው። ምልክቱ ውሃው ድንገት መደፍረስ፣ ቅጠልና ጭራሮ መውሰድ፣ የአፈር ሽታ መሽተት፣ ከሩቅም እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ መስማት ነው። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ዓሣውንም ዘንጉንም ጥሎ ወደ አፋፉ መውጣት አለበት። በወንዝ መካከል ባለ አሸዋ ላይ መተኛት፣ ከማዶ ወዲያ ሆኖ ማጥመድም አይገባም፤ ደራሽ ከመጣ በኋላ መሻገሪያ የለምና። በደጋው በኩል መብረቅ የሚታይበት ሌሊት ከቤት የሚወጣበት አይደለም።

ሁለተኛው ወባ ነው። በቆላችን ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ወራትም የሚብስበት ነው። የሌሊት አጥማጅ እጅና እግሩን የሚሸፍን ልብስ ይልበስ፤ ቤቱ ሲመለስም ሌሊቱ አለፈ ብሎ ያለ አጎበር አይተኛ፤ ትኵሳት ቢሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወደ አዋሽ በቀረቡ ቍጥር ደግሞ አዞና ጉማሬ አለ፤ በዚያ በሌሊት ማጥመድ ጨርሶ አይመከርም። በድንጋይ ሥር እጅ አስገብቶ ዓሣ የሚፈልግ ሰውም አለ፤ ለእርሱ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው የአባቶች ቃል ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ድካምና ፍርሃት የሚያስወግድ የሚመስል ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ብርብራ ነው። የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ዱቄቱን በኵሬው ላይ ይበትኑታል፤ ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሁሉ ሰክሮ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ የዓሣው አካል ኦክሲጅንን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ዓሣው በውሃ መካከል ታፍኖ ይሞታል ማለት ነው። የሚለቀመው ግን ትልቁ ብቻ ነው። የጣት ጥፍር የሚያህለው ግልገል፣ ለዓሣው ምግብ የሚሆነው የውሃ ተባይም አብሮ አልቆ ማንም ሳያነሣው ይቀራል። በዐቢይ ጾም ወራት ይህ የተደረገበት ኵሬ ያጣው የዚያን ቀን ዓሣ ብቻ አይደለም። ቢልጫ በክረምት ወደ ጠጠራማው ገባር ወጥቶ፣ አምባዛም በመጀመሪያው ጎርፍ ሣር ወደ ሸፈነው ስስ ውሃ ገብቶ እንቍላሉን የሚጥለው ከዚያ ኵሬ ተነሥቶ ነው። ወላጆቹ በመጋቢት ካለቁ በሐምሌ የሚወጣ የለም። በጣና ሐይቅም ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ በመዝጋትና ብርብራ በመበተን የነጭ ዓሣ ዘር እጅግ መቀነሱ ታውቋል።

የብርብራ ዛፍ ራሱ ጥፋት የለበትም። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል፣ ለቡና ጥላ የሚሆንና መሬትን የሚያለመልም ዛፍ ነውና፣ ወንዝ እጠብቃለሁ ብሎ ዛፉን የሚቆርጥ ሹም ሁለተኛ ጥፋት ይሠራል።

በ1995 ዓመተ ምሕረት የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ፣ ቍጥር 315፣ በመርዝና በፈንጂ ዓሣ ማጥመድን ከልክሏል። ሕጉ አለ ማለት ነው። የሚያስቸግረው አፈጻጸሙ ነው፤ ብርብራ የሚበተነው በሌሊት፣ ዘበኛ በሌለበት ኵሬ ነውና። በዚህ ጊዜ የመንጠቆ አጥማጁ ለሹሙ ሁለተኛ ጥቅም ይሰጠዋል። ሌሊት በኵሬው ዳር የሚቀመጥ ሰው የኵሬው ዘበኛ ነው፤ ነገ የሚያጠምድበትን ውሃ ማንም ሲመርዝበት ዝም ብሎ አያይም። ስለዚህ በመንጠቆ የሚያጠምዱትን የመንደር ጐበዞች እንደ ሥራ ፈት ቈጥሮ ከወንዝ ማባረር፣ በብዙ ስፍራ እንደሚታየው፣ ስሕተት ነው። ይልቅስ ስማቸው ታውቆ፣ የትኛው ኵሬ የእነማን ጥበቃ እንደ ሆነ ቢነገራቸው ይሻላል። በየወንዙም በበጋ የማይደርቅ አንድ ጥልቅ ኵሬ ተመርጦ፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሼሆች ባሉበት ስምምነት ተደርጎ፣ ከጥር እስከ መስከረም ማንም እንዳያጠምድበት ቢደረግ የወንዙ ዘር በዚያ ይተርፋል። በሽማግሌ ፊት የተገባ ቃል በይፋት ከቅጣት ወረቀት ይልቅ እንደሚከበር ሹማምንቱ ራሳቸው ያውቃሉ።

ባለ መሬቱ ደግሞ የሚጠየቅበት አለ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ ሽንኵርትና ቲማቲም ይመረታል፤ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒትም ይረጫል። የመርጫውን ዕቃ በወንዙ ውስጥ ማጠብ፣ የመድኃኒቱን ባዶ ጠርሙስ በዳሩ መጣል ከብርብራ የማይተናነስ ጥፋት ነው፤ ተባይን የሚገድል መድኃኒት የእርሻውን ተባይ ከውሃው ተባይ አይለይምና። ዕቃው ከወንዙ ርቆ፣ እጥበቱም በዚያው በተረጨው እርሻ ላይ መፍሰስ አለበት። ወንዙን ሙሉ በሙሉ ወደ ቦይ መጥለፍም እንዲሁ ነው፤ ከጠለፋው በታች ኵሬዎቹን የሚያገናኝ ጥቂት ውሃ ሳይቋረጥ መተው ይገባል።

የተያዘውን ዓሣ በሚመለከት ጥቂት ይጨመራል፤ በቆላ ደክመው የያዙትን በግዴለሽነት የሚያበላሹ ብዙዎች ናቸውና። ዓሣው ከውሃ እንደ ወጣ ወዲያው ይገደል፤ ሆዱ ተሰንጥቆ አንጀቱ ይውጣ፣ ጉንፉም ይነሣ፤ መበስበስ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። አንጀቱ በኵሬው ውስጥ አይጣል፤ ይቀበር። ዓሣው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ነፋስ በሚገባው ቅርጫት ይቀመጥ እንጂ በላስቲክ አይታፈን። በቆላው ገበያ የሚሸጠው ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ እስከ ረፋድ ያልተሸጠው በጀርባው ተከፍሎ፣ ጨው ታሽቶ በጥላ ይሰቀላል። ወደ አንኮበር ሊያወጣው ያሰበ ሰው ግን ዳገቱ ረጅም ነውና ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለበት።